ማስተማርና መስበክ ይለያያሉ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ክርስትና በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌሎች ሃይማኖቶች እኩል አይታይም ይላል። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ማለቱ ትክክል ነው፤ መምህር ክፍል ውስጥ እንዲሰብክ አልፈልግም፣ ሙስሊሙ ጎረቤቴም ልጁን እዚያው ነው የሚያስተምረው። ግን ነፃ ይሁን ማለት ይረሳ ማለት አይደለም! ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ የተባሉት የታወቁ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት በጎጃም ልጄ ስለ ቅኔ ከክፍል አንድም ነገር ሰምቶ አያውቅም። ቅኔ እኮ የቋንቋም ትምህርት ነው፤ የቆሎ ተማሪው ለምኖ እየበላ፣ ሰምና ወርቁን እያዋሃደ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። የነጃሺም ታሪክ በደንብ ይነገር፣ የያሬድም። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች መጥተው የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) መምህራኑን ቢጠይቁ ምን ነበረበት?