ለክቡር ታስክባር፦ ቦታ እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ለክቡር ታስክባር
(የዊንዶውስ ስታርት ቁልፍና የፕሮግራም አዶዎች የሚደረደሩበት አግዳሚ)
ስክሪን ግርጌ፣ ካሉበት

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደህና ነዎት ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ደህና መሆንዎን ቀኑን ሙሉ እያየሁት ነው።

የምጽፍልዎ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። እዚህ ማመልከቻ ይተየባል፣ የኪራይ ውል ይተየባል፣ አቤቱታ ይተየባል። ሁሉም የሚታተመው ኤፎር ላይ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጎኑ ጠባብ። የእኛ ላፕቶፕ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል (ነጥብ)፣ ወደ ጎን የተለጠጠ። ገጹ መሀል ላይ ሲቆም ግራና ቀኙ ኳስ ያጫውታል።

እርስዎ ታዲያ ያን ሁሉ ሜዳ ትተው የተጋደሙት ከታች ነው፤ ቦታ በጠፋበት በኩል። 48 ፒክስል ይዘዋል። ከ768 ላይ 48 ማለት ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ነው። ትንሽ ይመስላል። የምንተይብበት ፕሮግራም፣ ማይክሮሶፍት ወርድ፣ ከላይ ድርሻውን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ግን ትንሽ አይደለም።

በሰኞ ገበያ አንድ አባት ከኩታበር መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ውል ያስጽፋሉ።

"ልጄ፣ የምስክሮቹ ስም የታል?"

"ከታች አለ አባባ።"

"እኔ አልታየኝም። ሳላየው እንዳታትመው።"

ገጹን ወደ ላይ ገፋሁላቸው። ምስክሮቹ ብቅ አሉ።

"አሁን ደግሞ አከራዩ የት ሄደ?"

ምን ልበላቸው? ታስክባር የሚባል አለ ብላቸው፣ እሱም ይፈርማል ወይ ሊሉኝ ነው።

"ደብቀው" የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ፣ ራስዎን እንዲደብቁ ማዘዝ ይቻላል። እርስዎ ግን ተደብቀውም አያርፉም። ማውሱ ወደ ግርጌ ጠጋ ባለ ቁጥር ዘው ይላሉ። የገጽ ቁጥሩን ልነካ ስል ክሮም ይከፈትብኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም እኮ! ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ጀምሮ በማውስ ሲጎትቱዎ ወደ ላይ ይወጡ፣ ወደ ግራ ይዞሩ፣ ወደ ቀኝ ይቆሙ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይማ መጎተትም የግድ አልነበረም፤ ሴቲንግ ውስጥ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች ተብሎ ተዘርዝሮልናል። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲመጣ ዝርዝሩ የለም። በእኛ አገር አራት ቅኝት አለ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የሁለቱ ስም የወሎ ቦታ ስም ነው። እርስዎ ሃያ ስድስት ዓመት አራቱንም ሲጫወት ኖሮ አንድ ቀን ተነስቶ "ከእንግዲህ አንዱን ብቻ" ያለ አዝማሪ ሆኑብን።

አንድ ምርጫ ግን ተርፎልናል፤ ምስጋና ይግባና። ሴቲንግ ገብቶ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ታስክባር፣ ከዚያ ታስክባር ቢሄቪየርስ። ይህን ሁሉ ደጅ ጠንቶ የደረሰ ሰው መሀል ወይም ግራ ይባላል። ግራ የሚሄዱት ግን አዶዎቹ ናቸው። እርስዎ ንቅንቅ የለም። መሀል የተዋቸው ደግሞ አዲስ ፕሮግራም በከፈተ ቁጥር ስታርት ከጣቱ ይሸሽበታል።

መጀመሪያ ሰሞን ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ አንዲት ቁጥር መቀየር ወደ ላይ ያወጣዎ ነበር። ከዚያ አፕዴት መጣና እሷም ቀዳዳ ተደፈነች። አሁን የቀረው እንደ ኤክስፕሎረር ፓቸር ወይም ስታርት 11 ያለ የሌላ ሰው ፕሮግራም መጫን ነው። ሁለተኛው በገንዘብ ነው። በገዛ ስክሪኔ ላይ እርስዎን ለማዛወር ልክፈል?

ባለቤቶችዎ ማይክሮሶፍቶች በ2022 ሲጠየቁ፣ እርስዎ ጎን ከሄዱ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ አቀማመጣቸውን ማስተካከል ይኖርባቸዋል፣ ፈላጊውም ጥቂት ነው ብለዋል። ጥቂት ነን፣ እሺ። ፕሮግራሞቹ ግን ለሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተካክሉ ማን ሞተ?

እውነት ለመናገር ያኔም ነገር ነበረብዎ። ሕፃን ሲነካካ ቀኝ ጎን ላይ ይቆማሉ፤ ባለቤቱም "ተበላሸ" ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይመጣል። እርስዎን ጎትቶ ለመመለስ ሂሳብ የሚቀበል ባለሙያም ነበር። (ስሙን አላነሳም። ዛሬ የራሱ ቤት አለው።) ለዚህ ግን መቆለፊያ ተሠርቶልዎ ነበር፤ የፈለገ ይቆልፍዎታል፣ ያልፈለገ ይተውዎታል። ቁልፍ እያለ ብየዳ ምን አመጣው?

ጎረቤቶችዎን ይዩ። ኡቡንቱ የሚባለው የሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አቻዎ ገና ሲጫን ግራ ጎን ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቅዎት። የማኩ ግራም፣ ቀኝም፣ ታችም ይሆናል። እነሱም ሥራ አላቸው፤ ቦታ ሲቀይሩ ግን ሰማይ አልተደፋም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ግራ ጎን ይሂዱልን። እዚያ ማንም አይጽፍም፣ ማንም አይፈርምም። እስከ ፊታችን ሰኞ ገበያ መልስ ካላገኘን፣ እንግዲህ ኮፒ ቤታችን ውስጥ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚጫንበት አንድ ፍላሽ አለ፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠዋለን። እርስዎን ለማስፈራራት አይደለም፣ እንዲያዩት ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለስታርት ቁልፍ፣ በአንድ ቦታ እንዲቆም
ለሰዓትና ቀን ማሳያ፣ ጓዙን ጠቅልሎ እንዲዘጋጅ
ለኩታበሩ አባት፣ አከራዩ የትም እንዳልሄደ እንዲያውቁት