ኢንተርኔቱ ብቻ አልነበረም ችግሩ
«በኮሮና ጊዜ ከቤት መሥራት ያልተሳካው ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ነው» የሚለው ለደሴና ለኮምቦልቻ ቢሮዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ማሽን ላይ የሚቆመው ሠራተኛ መጀመሪያውኑ ቤት ሆኖ መሥራት አይችልም። ቢሮ ውስጥ ያለውም በ2012 ቤቱ ሲቀመጥ ሥራው መዝገብ ቤት ቀረ። የክፍያ ሰነድን እንኳ ተመልከቱ፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው በእስክሪብቶ ካልፈረሙ፣ ማኅተም ካላረፈበት፣ ቼኩ ላይ ሁለቱ ፊርማዎች ካልተሟሉ ብር አይወጣም። ይህን ደግሞ የቱንም ያህል ፈጣን ኢንተርኔት አይፈታውም። «የሂሳብ መመዝገቢያውን ሶፍትዌር ፒችትሪን በፍላሽ ይዞ ቤት መሥራት ይቻላል» የምትለው ወንድሜ፣ ትልቁ አደጋ እኮ እሱ ነው! ሁለት ሰው አንዱን ባካፕ (የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ) በየቤቱ ሪስቶር አድርጎ (መልሶ ጭኖ) ከመዘገበ ሁለቱን መልሶ ማዋሃድ አይቻልም፤ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ያጠፋዋል። መዝጋቢው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ማታ ማታ ቀኑ የተጻፈበት ባካፕ ያስቀምጥ፣ ሌሎቹ ሰነዱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩለት። ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ነው፤ አለዚያ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው በማኅተሙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍና የቲን ቁጥሩ ይደበዝዛል፣ 3 እና 8ም አይለዩም።