ሠራተኛዋ የአባት ስም የላትም

ሰሞኑን አንድ የሲትኮም ደራሲ በቴሌቪዥን እንግዳ ሆኖ ቀርቦ ነበር። አዘጋጇ ደፈር ብላ ጠየቀችው። «እናንተ ድራማ ላይ የቤት ሠራተኛዋ ሁሌ መሳቂያ የምትሆነው ለምንድን ነው?» ሰውዬው ፈገግ አለ። «እነሱ ራሳቸው እኮ ናቸው ከሁሉም በላይ የሚስቁት» አለ። ስቱዲዮው በሳቅ ሞቀ፤ ወደ ሌላ ጥያቄ ታለፈ።

እኔ ግን አላለፍኩትም።

እስቲ ይህቺን መልስ ረጋ ብለን እንያት። ይስቃሉ፤ እሺ። የት ሆነው? እትዬና ጋሼ ሶፋው ላይ ተንፈላሰዋል፤ እሷ በሩ ጋ ቆማለች፣ ወይም ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቤቱ በሙሉ ሲንከተከት እሷ ብቻዋን ፊቷን ታጥቁር? ደመወዝ የሚከፍሏት፣ ነገ ጠዋት «ልብስሽን ሰብስቢና ውጪ» ሊሏት የሚችሉት ሰዎች እየሳቁ? እንኳን እሷ፣ አለቃችን የማያስቅ ቀልድ ሲያወራ ጥርሳችንን የማናሳይ ስንቶቻችን ነን? ደራሲው ለመሆኑ አንዷን ጠይቆ ያውቃል? ከገዛ ቤቱ ሠራተኛ ሌላ ማለቴ ነው።

ገጸ ባሕሪዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሻሿ ተንጋዷል። ነጠላ ጫማዋ ግራና ቀኙ አይገጥምም። ስልክ ስታነሳ ትጮኻለች። የፈረንጅ ቃል ስትሰማ አጣማ ትደግማለች። ወጥ ታሳርራለች፣ በር ላይ ተለጥፋ ወሬ ታዳምጣለች፣ ከዘበኛው ጋር ትሽኮረመማለች። ደራሲው ቀልድ ባለቀበት ቁጥር የጓዳው በር ይከፈትና እሷ ትገባለች።

አነጋገሯማ! እኔን ከሁሉ የሚያበግነኝ እሱ ነው። ከየት ናት? ጎጃሜ እንደዚያ አይናገርም። የወሎ ሰው እንደዚያ አይልም። የመንዝም አይደለም። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ነው እንዳይባል፣ ከወላይታ የመጣች ልጅና ከጅማ ገጠር የመጣች ልጅ አማርኛው የሚከብዳቸው ቦታ ለየቅል ነው። ተዋናይዋ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ቆንጥራ፣ ድምጿን አቅጥና፣ ራሷ የፈበረከችው ዘዬ ነው። አገር የለውም። «ፋራ» ከመሰለ በቂ ነው። ጆሮ የሰጠ ደራሲ እንዲህ አይጽፍም። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን ያየ ሰው የገጠር ሰው በስክሪን ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ሊያወራ እንደሚችል አይቷል። ተመልካችም አልሸሸም። ሕዝቡ ተጠምዶ ነው ያየው።

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲናጋ አሠሪዎች የእኛን እህቶች ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ ምን አልን? አለቀስን፤ ተሳደብን፤ ፎቶውን ተቀባበልነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በረመዳን ወቅት፣ በአንድ የኩዌት ኮሜዲ ላይ ተዋንያን ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ሱዳናውያንን ሰነፍ አድርገው ሲያሾፉባቸው የዓረቡ ዓለም ራሱ ተቆጥቷል። አንድ የቤይሩት ጣቢያ ነገ «አበሻዋ ሠራተኛ» የምትባል ገጸ ባሕሪ ፈጥሮ፣ ዓረብኛ ስትሰብር፣ ወጥ ስታሳርር፣ በር ላይ ወሬ ስታዳምጥ ቢያሳየን ዝም እንላለን? ፌስቡክ ይቃጠላል። ኤምባሲ ይከበባል። «ክብራችን ተነካ» የሚል ግጥም በየገጹ ይለጠፋል። ያ የሲትኮም ደራሲም፣ አትጠራጠሩ፣ ከፊት ሆኖ ይጮኻል። ልጅቷ ግን ያቺው ናት። ትናንት ቦሌ ሰው ቤት ሠርታ፣ ለደላላ ከፍላ፣ ዛሬ ቤይሩት የገባችው ያቺው ልጅ። አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ክብር አልነበራትም ማለት ነው? ወይስ ክብሯ የሚታየን የሚያዋርዳት ሰው ዓረብ ሲሆን ብቻ ነው? የውጭ ሰው ሲያደርገው ዘረኝነት፣ እኛ ስናደርገው መዝናኛ! ስፖንሰር ሁሉ የሚገኝለት መዝናኛ። ይህንን ጥያቄ የመለሰልኝ አንድም የፊልም ሰው የለም። የሚመልስም ያለ አይመስለኝም።

«እውነታውን ነው የምናሳየው» የሚሉም አሉ። የቱን እውነታ? እውነታውማ ቀን ሙሉ ሠርታ ማታ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከምታገኘው ላይ ለእናቷ ትልካለች። የቤቱን ምስጢር ሁሉ ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የትኛው ልጅ ማታ ሰክሮ እንደሚገባ። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ወርቅ አለ? እነሱ ግን ያረረውን ወጥ ብቻ አዩ።

ሠራተኛን ሙሉ ሰው አድርጎ መጻፍ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኳቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ታሪኩን የጀመሩት ከፊታውራሪው አዳራሽ አልነበረም። ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ቦጋለ ሰው ቤት ሲያገለግል የኖረ፣ እሷም ቤት በሠራተኝነት የገባ ምስኪን ነው። ለውድነሽ የልቡን ለመንገር ሲንተባተብ እንስቃለን። እንዴት አንስቅ! ግን ሰውየውን እየወደድነው ነው የምንስቀው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የገበሬው ድምፅ ከፊታውራሪው ድምፅ አንሶ አልተሰማም። ልብ በሉ ደግሞ፤ ቦጋለ ብቻ አይደለም፣ ቦጋለ መብራቱ ነው። ከነአባቱ። የሲትኮሟ ሠራተኛ የአባት ስም ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አልተጻፈላትማ! በዚያው ዘመን፣ በ1966 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ከዳካር ወደ ፈረንሳይ የተወሰደች የቤት ሠራተኛን የሙሉ ፊልም ባለታሪክ አድርጓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ረቀቀ፤ የእኛ ሠራተኛ ግን ከጓዳ በር አላለፈችም።

ተዋንያኑን አልወቅስም። አንዳንዶቹ በጣም ጎበዞች ናቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ያንን የሚያህል ችሎታ ሻሽ ለማንጋደድ ሲውል።

ለምን እሷን መረጧት ብትሉኝ፣ ስለማትመልስ ነው። ጠበቃ ላይ ሙድ ብትይዝ ክስ ይመጣል። ነርስ ላይ ብታሾፍ ማኅበሩ ደብዳቤ ይጽፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ሌላ ደንብ ይወጣለታል ብሎ ነው ያለፈው። እሷን ማን ይሰማታል? ቀልዱ ዋጋ አያስከፍልም። እንዲህ ዓይነቱን ድፍረት ኮሜዲ ብለው ሲጠሩት ደግሞ ይገርመኛል። ደፋር ከሆኑ እትዬን ይንኩ። የሦስት ወር ደመወዝ ይዛ «ባንክ ቤት ሲስተም የለም» የምትለውን እትዬን። ሠራተኛዋ ታማ ስትተኛ «ማስመሰል ነው» የሚለውን ጋሼን። እሱ አያስቅም? እኔን ያስቀኛል፤ ሶፋው ላይ ያሉትን ግን አያስቃቸው ይሆናል፤ የማስታወቂያው ብር ደግሞ የሚመጣው ለሶፋው ነው።

እንግዲህ ለደራሲው አንድ የቤት ሥራ ልስጠው። በሚቀጥለው ክፍል ላይ ሠራተኛዋ ትግባ። ወጥ አታሳርር፣ ቃል አታጣም፣ አትደናቀፍ። ከዚያ እሷ ትቀልድ፣ በእነሱ ላይ። አልሆንልህ ካለው ግን ተመልካቹ ላይ አያሳብብ፤ ቀልድ አልቆብኛል ይበል።