ልቤ ያንቺን ጠላ

ባለፈው ዓመት ክሊፕ ላይ ሠርቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ አለሁ። መሐል አካባቢ፣ ሞዴሏ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ በግራ በኩል ጋቢ ደርቦ ጣሳ ያነሣ ሽበታም ታያላችሁ። እሱ እኔ ነኝ። ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ ግን አመለጥኳችሁ።

ነገሩ የጀመረው የሰፈራችን ልጅ ዘፈን ሲያወጣ ነው። ልጁ ድምፁ ሸጋ ነው። ግጥሙን የሰጠው ሰው ደግሞ ቋንቋ የገባው ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ስንቱን ቤት አንኳኳ፣ ስንቱን ሰው ደጅ ጠና፤
ልቤ ያንቺን ጠላ፣ ቀምሶት ነበረና።

መጀመሪያ ስሰማው ጠላ አማረኝ። ሁለተኛ ስሰማው ደነገጥኩ። ጠላዋን አንዴ ቀምሶ፣ እሱን የመሰለ ፍለጋ ቤት ለቤት የሚንከራተት ምስኪን መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው ቀምሷት፣ አንገሽግሾት፣ ጠልቷት ነው የወጣው። ሁለቱም ሰውዬዎች አንዲት ቃል ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ሰሙ ከላይ አረፋው ጋ፣ ወርቁ ከታች አተላው ጋ።

ዳይሬክተሩ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ሰማና «ስክሪፕቱ አልቋል» አለ። ስክሪፕቱ አንድ ቃል ነበር። ጠላ።

እስቲ ክሊፖቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ። ዘፋኙ «ልቤ» ካለ እጁ ደረቱ ላይ ነው። «ዓይንሽ» ካለ ካሜራው የልጅቷ ሽፋሽፍት ውስጥ ይገባል። «ሄደች» ካለ ጀርባዋ ይታያል፤ ሻንጣም ትጎትታለች፤ ሻንጣው ባዶ መሆኑ ከአጎታተቷ ያስታውቃል። «ናፍቆት» ከሆነ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን በጣቱ ይዳብሳል። «ተሰበርኩ» ሲል ብርጭቆ ይወድቃል። ብርጭቆው የሚወድቀው በስሎው ነው፤ ሐዘኑ እንዳያመልጠን። «ፍቅርሽ ባሕር ነው» ያለ ዕለት ደግሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቆሞ ይገኛል። በመስከረምማ ከከተማ ወጣ ባለው ሜዳ ሁሉ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አደይ አበባ መሐል ትሽከረከራለች። አደይ በዓመት አንዴ ስለሆነ የምትወጣው፣ ወረፋ ይዘው የሚሽከረከሩ ይመስለኛል።

ዋሽንግተን ዲሲ ያሉት ዘፋኞቻችን ፈተናቸው ለብቻው ነው። ግጥሙ ስለ እርሻ፣ ስለ በሬ፣ ስለ አጨዳ ነው። የተገኘው ሎኬሽን ግን የሊንከን መታሰቢያ ነው። ልጁ «እርፍ ጨብጬ» እያለ ሲወዛወዝ፣ ስድስት ሜትር የሚጠጋው አብርሃም ሊንከን ከኋላው እብነ በረድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት ያዳምጣል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄኛው ይሻለኛል። ቢያንስ በሬ የለም። በሬው በሌለበት ስለ በሬው ማሰብ እችላለሁ።

ችግሬ ከካሜራ ጋር አይደለም። ካሜራ ምን ያድርግ? የሚያየው ሰሙን ነው። ወርቅ በጆሮ ነው የሚገባው። ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት የወረደ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ዓመታት ፈጅቶ የሚማረውን ነገር አንድ የቀረበ የጣሳ ምስል በሁለት ሰከንድ ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ጠላውን ካየሁ በኋላ ሌላውን «ጠላ» እንዴት ልስማው? ጥርጣሬዬ አለቀ። ቅኔ ደግሞ ያለ ጥርጣሬ አይኖርም።

ኤምቲቪ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ጣቢያ በእነሱ አቆጣጠር በ1981 ሲከፈት መጀመሪያ ያሳየው ክሊፕ «ቪዲዮ የሬዲዮን ኮከብ ገደለው» የሚል ዘፈን ነበር። እኛ ዘንድ ኮከቡ ደህና ነው። የሞተው ወርቁ ነው።

በርግጥ ሁሉም ዘፈን ይፈታ አይባልም። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» ክሊፕ ላይ አድዋ ከነፈረሱ፣ ከነጎራዴው፣ ከነሠራዊቱ ታይቷል። ልክም ነው። ዘፈኑ የሚያወራው ስለ 1888 ነውና ሠራዊቱን ማየት ነበረብን። የኛ ሰፈር ዘፈን ግን አድዋ አልዘመተም። የሆነ ልጅ የሆነች ልጅ ጠላ። በቃ።

ወደ ቀረፃው ልመለስ። ዳይሬክተሩ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በሩ ላይ ጣሳ በእንጨት የሰቀለ እውነተኛ ጠላ ቤት አገኘ። እኔን የመረጠኝ ለሽበቴ ነው። «ጋሼ፣ ፊትዎ ላይ ታሪክ አለ» አለኝ። ታሪኩ የደም ግፊት ነው፤ አልነገርኩትም።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ልጁ «ጠላ» ሲል ጣሳዬን አነሣለሁ፣ እጠጣለሁ፣ አፌን እጠርጋለሁ፣ በእርካታ ራሴን እነቀንቃለሁ። በመጀመሪያው ቀረፃ ብርሃኑ ልክ አልመጣም። ድገም! በሁለተኛው ዶሮ ገባች። ድገም! በሦስተኛው እኔ ካሜራውን አየሁት። በአራተኛው ዶሮዋ ተመለሰች። ጠላው ደግሞ የውሸት አይደለም። የጠላ ቤቱ ባለቤት እትዬ ለክሊፕ ብለው ቅራሪ አይቀዱም። ስድስተኛው ላይ ራሴን ስነቀንቅ ቤቱም አብሮኝ ነቀነቀ። ዘጠነኛው ላይ ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ አሁን ነው የገቡበት!» ብሎ አጨበጨበልኝ። ትወና መስሎታል።

ከዚያ ስሎው የሚባለው መጣ። የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳ። ምስሉ ተንሳፍፎ እየታየ የዘፋኙ አፍ ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም፣ ሲቀረፅ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ይከፍቱታል። ዘፋኙም በእጥፍ ፍጥነት አፉን ያንቀሳቅሳል። በኋላ ኤዲተሩ ሁሉንም በግማሽ ያዘገየዋል። ክሊፑ ላይ ስታዩት ሐዘን እንደ ጭስ እየተጎተተ ይወጣል። ሲቀረፅ ግን የሰማነው እንደ ጫጩት የሚንጫጫ ድምፅ ነው። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለዓይን በማይያዝ ፍጥነት ከንፈሩን ያርገበግባል። ተወዛዋዦቹ ትከሻቸው ሊወልቅ ደረሰ። ከበር ላይ የቆሙ የሰፈሩ ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ወደቁ። አንዲት ሴትዮ አማተበች።

በዚህ መሐል ረዳቱ ጣሳውን በስልኩ ባትሪ እያበራ «አረፋው ይቀራል» አለ። ትንሽ የሳሙና ዱቄት ጣል ቢደረግበት ሲል ሐሳብ አቀረበ። እትዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ወጡ።

«ምን ጣል ይደረግበት አልክ?»

ረዳቱ ወደ መኪናው ሄደ። እስከ ማታ አልተመለሰም።

እትዬ ግን ወደ ጓዳ አልተመለሱም። መደብ ላይ ተቀመጡና ዘፈኑን በትክክለኛ ፍጥነቱ ሰሙት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ልጅ» አሉት ዳይሬክተሩን፣ «ይኼ እኮ ጠላኋት ነው የሚለው።»

«አዎ ማዘር፣ ጠላ።»

«አይደለም! ጠላኋት! አስጠላችኝ! ታዲያ የኔን ጠላ ከጠዋት ጀምሮ ምን አስቀዳህ? ነገ ሰው አይቶት፣ የሷን ጠላ ቀምሶ ነው የጠላት ቢልስ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ በአሥራ አንደኛው ጣሳዬ ውስጥ ሆኜ እንኳ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ዋሸራ ያልወረዱት እትዬ በሦስት ጊዜ መስማት ፈቱት።

«እና ምን እናድርግ ማዘር?»

«ቀላል ነው። ይቀዳለት። ያንሣው። አፉ ጋ ያድርሰው። ከዚያ ይመልሰውና አስቀምጦ ይውጣ። አለቀ።»

እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ጣሳው ከአፍ ደርሶ ሲመለስ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ሞልቶ የቀረ ጣሳ፣ የተከፈተ በር። ሰሙም አለ፣ ወርቁም አለ፣ ዶሮዋም ብትገባ ያምርባታል። ልነሣና ላጨበጭብላቸው ፈለግኩ። እግሬ እምቢ አለኝ።

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አዙሮ አደረገና ትንሽ አሰበ።

«ማዘር፣ ካልጠጣው ግን ጠላ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሂሳቡን በጣሳ ነው የምቆጥረው» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

አሥራ ሁለተኛውን ቀረፅን። ጠጣሁት።

ክሊፑ ከተለቀቀ በኋላ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። ስለ ልጁ ልብ የጻፈ አላገኘሁም። ብዙው የሚጠይቀው «ጠላ ቤቱ የት ነው?» እያለ ነው። እትዬ ዋጋ ጨምረዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ትናንት ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ልጁ አዲስ ዘፈን ጨርሷል። ግጥሙን አላነበበልኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?»