«የማን ናቸው?» ለምትሉ ወገኖቼ

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችንን ቀብረን ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ንፍሮ እየዞረ ነው። ከአጠገቤ የነበረው ሰው ስልኩን አወጣና «ኧረ ጉድ! ይህን ያህል ሰው ገደሉ» አለ፤ የቦታውንም ስም ጠራ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው በእጁ የዘገነውን ንፍሮ ወደ አፉ ሳያደርስ «የማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። የሟቾቹ ብሔር ተነገረው። ፊቱ ፈታ አለ፤ ንፍሮውን አፉ ውስጥ ጨመረ። ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ዓይኑ ቀልቶ አይቼዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

እኔ ካድሬም የፓርቲ ሰውም አይደለሁም፤ የሠፈራችንን ዕድር መዝገብ የምይዝ ጡረተኛ ነኝ። በሹማምንት ላይ ያለኝ ቅሬታ እንደ ማንኛችሁም ብዙ ነው፤ የዘይቱን ዋጋ እኔም ከፍዬዋለሁ። ዛሬ ግን ነገሬ ከላይ ካሉት ጋር አይደለም። እነሱን የሚቆጣ ሞልቷል። ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

«የማን ናቸው?» ስትሉ የምትጠይቁት ስለ ሟቾቹ አይደለም። ማልቀስና ማመካኘት ከሚባሉት የትኛው እንደሚጠበቅባችሁ ለማወቅ ነው። የእኛ ከሆኑ «ጭፍጨፋ» እንላለን፤ የእነሱ ከሆኑ «ግጭት ነበር አሉ»። የእኛ ከሆኑ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ የእነሱ ከሆኑ ታጣቂ ሳይሆኑ አይቀሩም። የእኛ ከሆኑ «የተነገረው ቁጥር ያንሳል» እንላለን፤ የእነሱ ከሆኑ «መረጃው ይጣራ» እንላለን። እኛ የዜናውን ምንጭ የምንመረምረው መቼ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እንባችንን ለመቆጠብ ስንፈልግ ብቻ ነው። የስም ዝርዝር ከወጣማ የባሰ ነው፤ የሟቾችን የአባት ስም እንደ ጤፍ እናበጥራለን።

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንን አስታውሱ። በኅዳር 2013 ስለ ማይካድራ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አውጥቶ ቢያንስ 600 ሰው መገደሉን ሲናገር ግማሾቻችን «እውነቱ ወጣ» ብለን አጨበጨብን፤ ግማሾቻችን «የመንግሥት አፍ ነው» አልነው። አራት ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት፣ ያው ኮሚሽን በአክሱም ከ100 በላይ ነዋሪ መገደሉን ሲናገር ቦታ ተለዋወጥን። ያጨበጨበው ተሳደበ፤ የተሳደበው ሪፖርቱን ለወዳጅ ዘመድ ያሠራጭ ጀመር። በየካቲት 2016 ስለ መራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን ሲያሳውቅም እንደዚያው። መሥሪያ ቤቱ ያው ነው፣ ማኅተሙ ያው ነው። የሚለዋወጠው የሬሳው ቋንቋ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፤ ይሳሳታል፣ ያንሳል፣ ይዘገያልም። እናንተ ግን የተጣላችሁት ከስሕተቱ ጋር አልነበረም።

ማይካድራ፣ አክሱም፣ ቡለን፣ ከረዩ፣ ቶሌ፣ መራዊ፤ ሁሉም በእነዚህ ዓመታት ሲቪሎች የተገደሉባቸው ናቸው። አሁን ይህን መስመር ስታነቡ የራሳችሁን ፈልጋችሁ አገኛችሁ፤ ለምን ስድስተኛ ወይም ሁለተኛ እንደተጠራ የቆጠረም አይጠፋም። በልቡ «ያኛውን ለምን ዘለለው?» እያለ ያለም አለ። እውነቱን ነው፣ የዘለልኩት ብዙ ነው። በዚህ አምስትና ስድስት ዓመት የሞተውን ሁሉ በየቦታው ልጥራ ብል ይህ ወረቀት አይበቃም።

ራሴንም ላጋልጥ። ከእነዚህ ከስድስቱ አንዱን የሰማሁ ዕለት ጠዋት ነበር፤ ቡናዬን ይዤ ነበር። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ የሟቾቹን ማንነት ሰማሁ፤ ከዚያ በውስጤ አንድ ነገር ቀለል አለኝ። ቡናው እንኳን አልበረደም። ያን ዕለት ራሴን ፈራሁት። የትኛው ቦታ እንደነበር ግን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ የማን እንደሆንኩ ልትለዩ ነዋ።

እንዲህ አልነበርንም ብዬ የድሮን ዘመን አላወድስም። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ልጁ የተገደለበት አባት ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ከፍሏል፤ እናት ልጇ ደጃፍ ላይ ተጥሎ እንዳታለቅስ ተከልክላለች። ያን ጊዜ ግን እንባን የከለከለው ጠመንጃ ነው። ሰዉ በር ዘግቶ፣ ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ያለቅስ ነበር። ዛሬ ማን ከለከለን? ማንም። ራሳችን ዘበኛ ቆመን ራሳችንን ከለከልን።

ደግሞ እንደምንችል አውቃለሁ፤ ስለምንችል ነው የሚያናድደኝ። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ላይ ወንድሞቻችን የታረዱ ጊዜ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቂርቆስ ሠፈር ሐዘን ቤት የደረሰ ሰው «የየት አገር ሰው ናችሁ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ተራራው ሲናድ፣ የተቀበረውን ለማውጣት ዶማና አካፋ ይዞ የሮጠው የአካባቢው ሰው በሁለተኛው ናዳ አብሮ ተቀበረ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጭቃ በእጁ ይቧጥጥ የነበረ ሰው ከሥሩ የሚያወጣው ማንን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እናንተስ ስልክ ላይ ጣት ለማንቀሳቀስ ማጣሪያ ትጠይቃላችሁ!

(በነገራችን ላይ፣ በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ይህን መስመር ስንረግም ኖርን። አሁን የወጣው ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም። ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ ስናነሣው አፋችን ላይ አስቀመጥነው።)

የምትሉኝን አውቃለሁ። «እነሱ ለእኛ መቼ አለቀሱ?» ለቅሶ ብድር ነው ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አገራችን ለቅሶን ብድር ይለዋል። ነገር ግን በዕድር መዝገብ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና የምታውቁትን ላስታውሳችሁ። ሁለት የተኳረፉ ጎረቤታሞች ነበሩን፤ በአጥር ጉዳይ ፍርድ ቤት የተካሰሱ። የአንዱ እናት ሞቱ። ሌላው አልመጣም፤ በደንባችን መሠረት የቀብር መቅጫውን ከፈለ፤ ብሩን በእጄ ነው የተቀበልኩት። በዓመቱ የዚህኛው ሚስት ሞተች። ያ እናቱ ሲሞቱ ያልተለቀሰለት ሰው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ የድንኳኑን ምሰሶ ሲተክል አገኘሁት። «እሱ መቼ መጣልህ?» ያለው ሰው ነበር። ቀና ብሎም አላየው፣ ገመዱን መወጠሩን ቀጠለ። የአጥሩ ክስ አልተነሣም፤ እስከ ይግባኝ ሄደ። አጥር ላይ ተካሶ ሬሳ ላይ አብሮ መቆም ይቻላል ማለቴ ነው።

እኔም ይህንኑ ነው የምላችሁ። ፖለቲካችሁን ተዉ አላልኩም። ስለ ድንበር፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሥልጣን ተከራከሩ፤ ተካሰሱ። ገዳይ በስሙ ይጠራ፤ ፍርድ ቤት ይቁም። ግን የገዳዩን ማንነት ከመጠየቃችሁ በፊት የሟቹን ማንነት የምትጠይቁበትን ልማድ ተዉ። ልጆቻችሁ ይሰሙአችኋል። ማዕድ ላይ «የማን ናቸው?» ስትሉ የሰማ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ሰው ነፍስ ዋጋ የሚማረው ከዚያች ጥያቄ ነው፤ ከግብረ ገብ መጽሐፉ አይደለም።

ያን ዕለት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የምታዞረው ሴት ወሬያችንን ሰምታ ቆመች። ሰፌዱን በአንድ እጇ ደግፋ፣ «ልጆች ነበሯቸው?» አለች። ስልክ የያዘው ሰውዬ መነጽሩን አስተካክሎ ዜናውን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ብሔራቸው ተጽፏል። ስለ ልጆቻቸው የተጻፈ ነገር አልነበረም።