የምታኮርፍበት ቤት

ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ከሚባለው ግዛት ከገባሁ ስድስተኛ ዊንተሬ ነው። ክረምት ልለው ነበር፤ ግን ክረምት ዝናብ ነው፣ ይሄኛው ሌላ ፍጥረት ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ መሬቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። በመሃሉ አንድ አሮጌ ቤት ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ። እዚህ ቤት ቡና ሲፈላ ማን ይጠራ ነበር? እላለሁ ሁሌ።

በቅርቡ የዚሁ አገር ልጅ የሆነው ደራሲ ሲንክሌር ሮስ በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን አጭር ልቦለድ አነበብኩ። «የእኩለ ቀን ፋኖስ» ብንለው ያስኬዳል። ዘመኑ ድርቅ ነው። ለሦስት ቀን አቧራ ይነፍሳል፣ በቀትር ፋኖስ ይበራል፣ ሰሃኑ አፈር እንዳይገባበት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። ኤለን ድሮ አስተማሪ ነበረች። አባቷ ከተማ ሱቅ ስላላቸው እንሂድ ትለዋለች ባሏን። ፖል ግን አማቱ ሱቅ ተጠግቶ ከሚኖር ሞቱን ይመርጣል (እዚህ ላይ የኛ ሰፈር ሰው መሰለኝ)። የሚገርመው፣ እርሻው የገባት እሷ ናት። እያረስክ እያለሰለስክ አፈሩን የሚይዝ ሥር አላስቀረህለትም ትለዋለች። አይሰማም። መጨረሻ ላይ ልጇን ታቅፋ አቧራው ውስጥ ትወጣለች፤ ፈልጎ ሲያገኛት ሕፃኑ ሞቷል።

መጀመሪያ ፖል ላይ ተናደድኩ። ቆይቼ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ፦ በሁለቱ መሃል የሚገባ ሰው የት ሄደ? በ1872 እ.ኤ.አ. የወጣው የካናዳ የመሬት ሕግ 10 ዶላር ለከፈለ ሰው 65 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር፤ ግን መሬቱ ላይ ቤት ሠርተህ፣ ሦስት ዓመት ኖረህበት፣ አርሰኸው ነው ያንተ የሚሆነው። የአንዱ ሰው መሬት አንድ ጎኑ ብቻ 800 ሜትር ነው። ሁሉም በየራሱ መሬት ተተከለ፤ ጎረቤት ማለት በፈረስ የሚኬድበት ሰው ሆነ።

እናቴ እኔን አዝላ አኩርፋ አያቴ ቤት የሄደችበትን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ያወራዋል። ሰዓት አልፈጀባትም፣ እግሯ ነው የወሰዳት። በሳምንቱ አባቴ ሽማግሌ ይዞ መጣ፣ ተወቀሰ፣ ተመለሰች። ጥሩ ብቻ ነበር አልልም። «ቻይው» ተብለው ዱላ ወዳለበት ቤት የተመለሱ ሴቶችን እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ኤለን ያጣችው ይሄንን ነው፤ አባቷ ቤት እያላት ሄዳ የምታኮርፍበት መንገድ የላትም።

ይሄ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው እንዳልል፣ አምና የማውቃቸው ባልና ሚስት ተጣሉ። እሱ የሌሊት ፈረቃ፣ እሷ የቀን፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ኩርፊያ የት ይደረጋል? ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት አለ። እዚህ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስንደውል እነሱ ገና ማለዳ ነው፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ መሃላችን ተቀመጠ። አንደኛው አባት የሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ ስትጨቃጨቁ እዛ ጎረቤት የሚባል የለም ወይ?» አሉ።

ባልየው ግድግዳውን አየ። ከግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«አሉ አባባ» አለች እሷ፣ «ስማቸውን አናውቅም እንጂ።»