«እንመረምረዋለን» አሉ፣ ጀርመኖቹም አጨበጨቡ

ጀርመን አገር ዱሴልዶርፍ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። በቀደም በትልቁ አዳራሻችን የአውሮፓና የእስያ የባህል ውይይት ተደረገ። ቀኑን ሙሉ ቡና ሳመላልስ ዋልኩ። ያየሁትን ለሰው ካልነገርኩ የሚወጣልኝ አልመሰለኝም።

ከተማዋን ለማታውቁ፦ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወጣ ሲሉ ኢመርማን ሽትራሰ የሚባል ጎዳና አለ። ግራ ቀኙ የጃፓን ነው። ምግብ ቤቱ፣ መጻሕፍት ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ሁሉ። የጎዳናው ስም እንኳ በጃፓንኛ ፊደል ጭምር ተጽፎ ተሰቅሏል። ጃፓኖቹ መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አገራቸውን ከጦርነት ፍርስራሽ ሲያነሱ በአቅራቢያው ያለውን የሩር የፋብሪካ አካባቢ ብረትና ማሽን ፈልገው መጡ፣ በዚያው ቀሩ። ዛሬ በከተማዋ 8 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ከ1971 ጀምሮ የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው። በዓመት አንዴ የጃፓን ቀን ሲከበር ራይን ወንዝ ዳር እግር መትከያ ይጠፋል። ጀርመኑ ኪሞኖ ለብሶ ርችት ሊያይ ይወጣል።

እንዲህ ለ70 ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ይተዋወቃል ትላላችሁ አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

የአዳራሹ ንግግር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1861 ነው። ያኔ ትልቋ የጀርመን መንግሥት የነበረችው ፕሩሺያና ጃፓን ውል የተፈራረሙበት ዓመት። ከዚያ በ1996 ባንኮክ ላይ ስለተደረገው የመጀመሪያው የእስያና የአውሮፓ መሪዎች ጉባኤ ተነገረ። በዓመቱ ሲንጋፖር ውስጥ ሁለቱን ወገን የሚያቀራርብ ተቋም መመሥረቱም ተነሳ። ጥሩ ነው፣ እኔም ተማርኩበት። ግን «ድልድይ» የሚለውን ቃል ደጋገሙት። ራይን ላይ እንኳ ያን ያህል ድልድይ የለም።

ከምሳ በኋላ አንድ ጀርመናዊ ተነስቶ ዕቅዱን አቀረበ። በየዓመቱ ወጣቶች ይለዋወጡ፣ ወጪውን እኩል እንካፈል፣ በመጪው ክረምት እንጀምር አለ። ሰንጠረዥ አለው፣ ቀን አለው፣ በጀት አለው። ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ጃፓናዊ ሽማግሌ «ምን ይላሉ?» አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። በጥርሳቸው መሃል አየር ሳብ አደረጉ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንመረምረዋለን» አሉ።

ጀርመኖቹ አጨበጨቡ።

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ኧረ ሰውዬው እምቢ ብለው እኮ ነው! «እንመረምረዋለን» በጃፓንኛ «ኬንቶ ሺማስ» ይባላል። እዚያው ኢመርማን ሽትራሰ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሳህን ሳጥብ ነው የተማርኩት። ደሞዝ ጨምሩልኝ ባልኩ ቁጥር የምሰማው እሱን ነበር። ቃሉን ባላውቀው እንኳ ይገባኝ ነበር። ዘመዳችሁን ገንዘብ አበድሩኝ ስትሉ «እስቲ እናያለን ልጄ» ካሉ በማግስቱ ፌስታል ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? አትሄዱም። ዝምታውን ሰምታችኋል፣ ፊታቸውን አንብባችኋል። ጃፓኖችም «አየሩን ማንበብ» የሚሉት ነገር አላቸው። ጀርመን የሚያነበው በፊርማና በማኅተም የመጣውን ነው።

ስጦታውም ላይ እንደዚያው ሆነ። ሽማግሌው በጨርቅ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ጀርመናዊው ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ፈታው። «ኦ፣ ሻይ!» አለ ጮክ ብሎ። ክፋት የለበትም፤ በእነሱ ደንብ ሰጪው እያየ ከፍቶ መደሰት ጨዋነት ነው። እኔ ግን በሰውየው ፋንታ አፈርኩ። እናቴ ይህንን ብታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። እንግዳ ያመጣው ነገር እኛ ቤት ጓዳ ይገባል እንጂ ማን ፊት ይፈታል?

በነገራችን ላይ ጀርመንን እያማሁ አይደለም። የጀርመን እምቢታ ያሳርፋል። ቤት አከራይ «አይሆንም» ይላል፣ ሌላ ቤት ትፈልጋለህ፣ አለቀ። እኔ አዲስ አበባ ለአንድ ወረቀት ሦስት ወር «ነገ ተመለስ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ያኔ አንድ ጀርመናዊ መስኮቱ ላይ ቢቀመጥልኝ ኖሮ እግሩን እስም ነበር።

ግን እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰብኝን አልረሳም። ጎረቤቴ፣ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ ቤታቸው ጠሩኝ። የፖም ኬክ ጋግረዋል፣ ሽታው ደረጃው ላይ ይቀበላል። «ትበላለህ?» አሉኝ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ፣ እንደ ወጉ። «እሺ» ብለው ሳህኑን አነሱት! አነሱት እኮ ነው የምላችሁ። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ያን ቀን ቁርስም አልበላሁም ነበር። ማታ እናቴ ደውላ «ልጄ፣ በላህ ወይ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። አሁን አሁንማ «ትበላለህ?» ሲሉኝ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» እላለሁ። አገር ቤት ሄጄም ለምዶብኝ አንድ ለቅሶ ቤት አንዴ ሲሉኝ ስለተቀበልኩ ዘመድ ሁሉ ስልጣኔ ብልግና ሆነበት ብሎ አማኝ።

እኛም ብንሆን አንመጻደቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪያም የጃፓንም ሰው ሲያልፍ ልጆች ከኋላ የሚጮሁት «ቻይና! ቻይና!» ብለው ነው። አባቶቻችን ቃኘው ሻለቃ ሆነው ኮሪያ ድረስ ሄደው ደማቸውን አፍስሰዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ኮሪያዊውን ቻይና ይሉታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ድረስ ተልከው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። እንግዲህ ሕጉን ከወሰድንለት ሰው ስሙን መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተነሳ። እስያውያኑ በመስኮቱ በኩል፣ አውሮፓውያኑ በበሩ በኩል ቆሙ። መሃል ላይ እኔና የቡና ጠረጴዛዬ ቀረን። ቡናው ከቴርሞስ ነው የሚቀዳው። ዕጣን የለ፣ ፈንዲሻ የለ፣ አቦል ቶና በረካ የለ። ሁሉም የራሱን ቀድቶ ወደ ወገኑ ይመለሳል። ሰው እንዲጫወት ከተፈለገ አንድ ሰዓት ቁጭ አድርጎ ቡና ማስጠበቅ ነበር እንጂ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ ድረስ ወሬ ከየት ይጠፋል? ጃፓኖቹም ሻይ ሲያፈሉ የማይቸኩሉ ሕዝብ ናቸው። ይኼን ሐሳብ ለአለቃዬ ነገርኩት። የሽማግሌውንም እምቢታ ጨምሬ ነገርኩት። «አስተርጓሚ አላቸው፤ አንተ ስኳሩን ሙላ» አለኝ። ሞላሁ።

አስተርጓሚዋ በእርግጥ ጎበዝ ናት። ሽማግሌው ያሉትን አንድ ቃል ሳታስቀር ተርጉማለች። ያላሉትን ማን ይተርጉም?

ማምሻውን አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ሽማግሌው ባዶ ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና መለሱልኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «ልድገምዎት?» አልኳቸው። «አይ፣ በቃኝ» አሉ። ቴርሞሱን አነሳሁ። «ትንሽ ብቻ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሞቴ» የሚለውን በጀርመንኛ እንዴት እንደሚሉት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዝም ብዬ እያየኋቸው ሲኒውን ዘረጋሁ። ሳቁና ተቀበሉ። ቆመው እስከ ጭላጩ ጠጡት።

«በጣም ይጣፍጣል» አሉኝ።

ቴርሞሱ የተሞላው ከምሳ በፊት ነበር።